ባለወርቅ ቁልፏ ጃኬት፦ ባልማን ናት ወይስ ኤች ኤንድ ኤም?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂያችን በቴሌግራም ልብስ ከምትሸጥ ልጅ አንድ ጥቁር ጃኬት አይታለች። ሁለት ረድፍ ወርቃማ ቁልፍ አለው፣ ትከሻው ቆም ያለ ነው። ውስጡ የተሰፋው ጽሁፍ ባልማንንና ኤች ኤንድ ኤምን አንድ ላይ ይጠራል። ሻጯ «ኦሪጅናል ባልማን ነው፣ ከዱባይ የመጣ» ብላ 38 ሺህ ብር ጠርታለች። ጓደኛዋ ደግሞ «ባልማንና ኤች ኤንድ ኤምን ምን አገናኛቸው? ፌክ ነው» ብላታለች። የምትፈልገው ለእህቷ ሰርግ ነው። «ማን ነው ትክክል? ልግዛው ወይስ ልተወው?» ትላለች።

እህቴ፣ ሁለቱም ተሳስተዋል። እንዲህ ያለ ልብስ በእውነት አለ። በ2015 ኖቬምበር የፓሪሱ የቅንጦት ፋሽን ቤት ባልማንና የስዊድኑ ርካሽ ልብስ መደብር ኤች ኤንድ ኤም አብረው አንድ ስብስብ አውጥተው ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሰው ለዚህ ስብስብ ብሎ ሱቅ ደጅ ላይ ተሰልፎ አድሯል። ስለዚህ ሁለቱ ስሞች አብረው መጻፋቸው የፌክ ምልክት አይደለም። «ኦሪጅናል ባልማን» የሚለው ግን አያስኬድም። ባልማን የራሱ ሱቅ ውስጥ የሚሰቅለው ጃኬት በሺህ ዶላሮች የሚሸጥ ነው። ይሄኛው ባልማን የነደፈው የኤች ኤንድ ኤም ልብስ ነው። እውነተኛ ከሆነ ማለቴ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እናየዋለን።

በነገራችን ላይ ያኔ የባልማን ዋና ዲዛይነር የነበረው ኦሊቪየ ሩስታን በጉዲፈቻ ቦርዶ ያደገ ልጅ ነው። ወላጅ እናቱ ሶማሌ፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ያወቀው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። ሻጯ ይህን ብታውቅ ኖሮ ዋጋው 38 ሺህ ላይ አይቆምም ነበር።

እኔ ስራዬ የልብስ ጥራት ቁጥጥር ነው። እና ስለ ኮላቦሬሽን (ባጭሩ ኮላብ፣ ዲዛይነርና መደብር አብረው ስለሚያወጡት ልብስ) ሲወራ ሁሌ የሚገርመኝ፣ ሰዉ ሁሉ ስለ ዲዛይነሩ ሲያወራ ማን ሰፋው፣ በምን ጨርቅ ሰፋው ብሎ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው። አሰራሩ እንዲህ ነው። ትልቁ መደብር ዲዛይነሩን ይጠራና በክፍያ ይስማማሉ። ዲዛይነሩ ከሚታወቅባቸው ስራዎች ይመርጣል፣ አዲስም ይጨምራል። ከዚያ የመደብሩ ሰዎች ከእሱ ጋር ቁጭ ብለው ያንን ንድፍ ተራ ሰው ሊከፍል በሚችለው ዋጋ ወደሚሰፋ ልብስ ይቀይሩታል። ዋናው ጨዋታ እዚህ ላይ ነው። የሐር ገበር የነበረው ፖሊስተር ይሆናል። ደረቱ ላይ በእጅ ስፌት የሚያዘው የውስጥ ጨርቅ በሙቀት የሚለጠፍ ይሆናል። አስር ሰዓት የሚፈጅ ጥልፍ በማሽን የሚያልቅ ይሆናል፣ ካልሆነም በህትመት ይተካል። ናሙናው ሲያልቅ ደግሞ መደብሩ ሌላውን ልብሱን ለሚያሰፋባቸው ዓይነት ፋብሪካዎች ይሰጣል።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሰራ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች እዚያ በነበረበት ጊዜ (2021 ላይ መውጣቱን አስታወቀ) ሸሚዙን ይሰፉ የነበሩት የእኛው ልጆች ናቸው። ኮሌታው ላይ የተጻፈው ስም የአንድ አሜሪካዊ ዲዛይነር ነው፣ ስፌቱ ግን የሐዋሳ። ይህ ነውር አይደለም፤ ኢንዱስትሪው የሚሄደው በዚህ ነው። ገዢ ግን ምን እንደሚገዛ ቢያውቅ ጥሩ ነው። ኮላብ ስትገዢ የምትከፍይው ለንድፉና ለስሙ ነው። ስፌቱና ጨርቁ የመደብሩ ነው፤ አንዳንዴ ከተለመደው ሻል ያለ፣ አንዳንዴ ያው።

ይህን ነገር ያስጀመረው ጀርመናዊው ዲዛይነር ካርል ላገርፌልድ ነው ሲባል ትሰሚያለሽ። ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ከእሱ 20 ዓመት በፊት፣ በ1983፣ ሆልስተን የሚባል ዝነኛ የኒውዮርክ ዲዛይነር ጄሲ ፔኒ ከተባለው የአሜሪካ ርካሽ መደብር ጋር ሰርቶ ነበር። ምን ሆነ? በርግዶርፍ ጉድማን፣ ያ የሀብታሞቹ መደብር፣ ልብሱን ከሱቁ አወጣው። የባለጸጋ ደንበኞቹም ራቁት። ብዙም ሳይቆይ ከገዛ ኩባንያው ወጣ። ስሙን ቀድሞ ሸጦት ስለነበር በራሱ ስም እንኳ መንደፍ አልቻለም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዲዛይነሮች ርካሽ መደብርን እንደ እሳት ነበር የሚሸሹት።

በ2004 ኖቬምበር ግን ላገርፌልድ፣ ያውም የፓሪሱ የቅንጦት ቤት የሻኔል ዋና ዲዛይነር ሆኖ ሳለ፣ ከኤች ኤንድ ኤም ጋር ብቅ አለ። ብዙ ከተሞች ውስጥ ልብሱ በመጀመሪያው ቀን አለቀ። የሚገርመው እሱ ራሱ አልተደሰተም፤ ልብሱ በጣም ጥቂት መመረቱን በይፋ ተቃውሟል። የእሱ ሐሳብ ብዙ ሰው እንዲለብሰው ነበር። መደብሩ ግን ሌላ ነገር ገብቶታል። ልብሱ ቶሎ ሲያልቅ ዜና ይሆናል፣ ዜናውን የሰማ ሰው ወደ ሱቁ ይመጣል፣ የመጣው ሰው ደግሞ ኮላቡ ቢያልቅበትም ባዶ እጁን አይወጣም፣ ካልሲም ቢሆን ገዝቶ ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ቀጠለ። ስቴላ ማካርትኒ በ2005፣ ሮቤርቶ ካቫሊ በ2007፣ ላንቫን በ2010፣ ቬርሳቼ በ2011፣ ባልማን በ2015፣ ሙግለር በ2023። በ2008 ኤች ኤንድ ኤም ጃፓን ሲገባ ይዞ የመጣው የጃፓኖቹን ኮም ዴ ጋርሶን ነው። እንግዳ ሆነው የሰው አገር ሲገቡ በአገሬው ስም መግባት፣ ብልጠት ነው።

በኋላ ወረፋው ሲበዛ ለተሰለፈው ሰው እጅ ላይ የሚታሰር ባለቀለም ባንድ ማደል ተጀመረ። የአንድ ቀለም ቡድን ይገባል፣ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል። ታርጌት የተባለው የአሜሪካ መደብር ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ2011 ሴፕቴምበር 13 የጣልያኑ ሚሶኒ ለታርጌት የሰራው 400 ያህል እቃ ወጣ፣ ከ2.99 ዶላር እስከ 599.99 ዶላር። ልብስ ብቻ አልነበረም፤ ሳህንም፣ ብርድ ልብስም፣ ብስክሌት ሳይቀር በዚያ የሚሶኒ ዚግዛግ። የታርጌት ድረ ገጽ ወደቀ፣ መደርደሪያው ባዶ ሆነ፣ በዚያው ቀን እቃው ኢቤይ ላይ በእጥፍ ዋጋ ተደረደረ። ቦሌ ላይ ሆነን የምናየው የዚህ ጭራ ነው። ወረፋው የሚያልቀው ገዝቶ መልሶ የሚሸጥ ነጋዴ እጅ ላይ ነው።

እሺ፣ ወደ ጃኬቱ። መጀመሪያ ሻጯን አንድ ነገር ጠይቂያት፦ «ሌላ ሳይዝ አለሽ?» በያት። ይህ ስብስብ አንድ ጊዜ ወጣ፣ አለቀ፣ ተመልሶ አልተመረተም። ከወጣ አስር ዓመት አልፎታል። ስለዚህ «ስሞል ሚዲየም ላርጅ አለ፣ በቀለም ምረጪ፣ አዲስ ገብቷል» ካለችሽ በቃ፣ ወሬው አለቀ፤ የሆነ ቦታ የተገለበጠ ነው። እውነተኛው ከሆነ አንድ ነው የሚኖራት፣ እሱም ሰው የለበሰው ወይም ሳጥን ውስጥ የከረመ። አልፎ አልፎ እንዲህ ያለው ከሰልባጅ ክምር ውስጥም ይወጣል፣ ሻጩ ምን እንደያዘ ሳያውቅ። ያኔ ዝም ብሎ መግዛት ነው።

አንድ ብቻ ነው ካለችሽ በአካል እዪው። በፎቶ አትግዢ። ከጎን ስፌቱ ውስጥ የማጠቢያ መመሪያ ያለበት ትንሽ ነጭ ጨርቅ ፈልጊ። የኤች ኤንድ ኤም ልብስ ስለሆነ መመሪያውም የእነሱው ዓይነት ነው፦ በብዙ ቋንቋ፣ የጨርቁና የገበሩ ይዘት በመቶኛ ተለይቶ፣ የተሰራበት አገር ተጽፎ። «አር ኤን 101255» የሚል ቁጥር ካየሽ ደግሞ የኤች ኤንድ ኤም የአሜሪካ መለያ ነው። ቁጥሩን መገልበጥ ይቻላል፣ ስለዚህ እሱ ብቻውን አያስተማምንም። ከባልማን ጽሁፍ ጋር የኤች ኤንድ ኤም መመሪያ ጭራሽ ከሌለበት ግን ተይው።

ከዚያ ቁልፉን ያዢ። በጥፍርሽ ሳይሆን በጣትሽ ሆድ ዳብሺው። የተቀረጸው ምስል ጠርዙ ጥርት ያለ ነው ወይስ የቀለጠ ይመስላል? ወርቃማው ቀለም ጠርዙ ላይ ተልጦ ከስሩ ግራጫ ብረት ወይም ነጭ ፕላስቲክ ወጥቷል? ቁልፉ ስር ክሩ አጭር አንገት ሰርቶ ተጠምጥሟል ወይስ ጨርቁ ላይ ድፍን ብሎ ተሰፍቷል? አንገት የሌለው ቁልፍ ወፍራም ጃኬት ላይ ሲቆለፍ ጨርቁን ይጎትትና ደረትሽን ያጨማድደዋል። ገልባጮች ቁልፍ ላይ ነው የሚቆጥቡት፤ ይሄ ጃኬት ደግሞ ያለ ቁልፉ ተራ ጥቁር ጃኬት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያየው። ልብሱ እውነተኛም ቢሆን አስር ዓመት የኖረ ነው። ደረቱን መስኮት አጠገብ ወስደሽ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አድርጊና ተመልከቺ። ቅድም ያልኩሽ፣ በሙቀት የተለጠፈው የውስጥ ጨርቅ፣ ላውንደሪ ሲደጋገምበትና ካውያ ሲበዛበት ሙጫው ይለቃል። ሲለቅ ደረቱና የኮሌታው መታጠፊያ ላይ ትንንሽ አረፋ መሰል እብጠት ይታያል። እሱን የሚያስተካክል ልብስ ሰፊ የለም። በካውያ ይመለሳል የሚልሽ ካለ፣ ቤትሽ እስክትደርሺ ብቻ ነው የሚቆየው። አረፋ ካየሽ 38 ሺህ ይቅርና ግማሹንም አትክፈይ። ብብቱ አካባቢ ገበሩን ገልብጠሽ እዪ፤ መጀመሪያ የሚበላው እዚያ ነው። የተቀደደ ገበር ግን አያስፈራም፣ ይቀየራል።

ልኩን በተመለከተ አንድ የሙያ ምክር። እጅጌ ረዘመ ማለት ችግር አይደለም። ወገቡ ሰፋ ማለትም ብዙ ችግር አይደለም፣ ከኋላ ስፌቱ ይጠባል። ትከሻው ከሰፋ ወይም ከጠበበ ግን ተይው። ትከሻ መፍታት ማለት ጃኬቱን እንደገና መስራት ማለት ነው፣ ያውም የባልማን ትከሻ፣ የቤቱ መለያ ሆኖ እያለ። ባለሁለት ረድፍ ቁልፍ ስለሆነም ደረቱ ላይ ማጥበብ አትችይም፣ የቁልፉ አቀማመጥ ይበላሻል። ስትለኪው ደግሞ እጅሽን ዘርግተሽ መስታወት ፊት ቆመሽ ብቻ አትመለሺ። ሰርግ ነው፣ እህትሽ ናት፣ ትከሻ መምታትሽ አይቀርም። እዚያው እስክስታ ሞክሪ። ሻጯ ብትስቅ ትሳቅ። ጃኬቱ ከፍ ብሎ አንገትሽ ስር ከተሰበሰበ ሰርጉን በሙሉ ስትጎትቺው ነው የምትውይው።

ዋጋው ላይ ልምጣ። 38 ሺህ ብር ለእኔ ብዙ ነው። «የባልማን ጃኬት እኮ በሺህ ዶላር ነው፣ ይሄ ርካሽ ነው» ብላ ታሳምንሽ ይሆናል። ስሌቱ ግን ስህተት ነው፣ የምታወዳድሪው ከዚያ ጃኬት ጋር አይደለማ። የምታወዳድሪው ያገለገለ፣ ደህና የተሰፋ የኤች ኤንድ ኤም ጃኬት ከሚያወጣው ጋር ነው። በዚያ ላይ ለስሙና ለታሪኩ ትንሽ ትጨምሪያለሽ፤ ፋሽን የምትወጂ ከሆነ እሱም ዋጋ አለው፣ አልክድም። ከመወሰንሽ በፊት ግን ፎቶውን ይዘሽ ሴት ጃኬት ጎበዝ የሆነ ልብስ ሰፊ ጋ ሂጂና ጥሩ ሱፍ ጨርቅ ገዝተሽ፣ ወርቃማ ቁልፍ መርጠሽ፣ በልክሽ ቢሰፋልሽ ስንት እንደሚመጣ ጠይቂ። የባልማን ስም አይኖረውም፤ ትከሻው ግን ያንቺ ይሆናል።

እና በጠቅላላው ኮላብ አትግዙ እያልኩ አይደለም። እኔም እወዳለሁ። የትኛውን እንደምንመርጥ ነው ጉዳዩ። ውበቱ ቀለም፣ ህትመት ወይም አቆራረጥ ላይ ያለ ልብስ ወደ ርካሽ ዋጋ ሲወርድ ብዙ አይጎዳም። ጥሩ መስመር በርካሽ ጨርቅም ላይ መስመር ነው። ውበቱ በሰው እጅ ሰዓት የተሰራ ልብስ ግን፣ ዶቃ የተሰፋበት፣ ሙሉ ጥልፍ የሆነ፣ በእጅ የተሸመነ፣ ዋጋው ሲወርድ የሚቀረው ቅርጹ ብቻ ነው። ከባልማኑ ስብስብ እንኳ ብመርጥ ዶቃ በዶቃ የሆኑትን ቀሚሶች ትቼ ይሄንኑ ጥቁር ጃኬት ነው የማነሳው።

የእኛዋን ልያ ከበደን እዩ። በ2007 የመሰረተችው ለምለም የሚታወቀው ሸማኔዎቻችን በሚሸምኑት ጥጥ ነው፤ ቀላል፣ ጥለቱ በቀለም የተጫወተ። በ2021 ከኤች ኤንድ ኤም ጋር የበጋ ስብስብ አወጣች። ጥሩ ነበር፣ ደስም ብሎናል፣ ስሟን የማያውቅ ሰው ሁሉ አወቃት። ግን በየአገሩ ለሚሰቀል ልብስ የሸማኔ እጅ አይደርስም። ወደዚያ የተሻገረው ቀለሟ፣ መስመሯና ያ ሰፊ ልቅ አቆራረጥ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ድሩንና ማጉን በእጁ የዳበሰ ሰው ልዩነቱን ሳያይ በጣቱ ያውቀዋል።

ከሁሉም የተሳካው የቱ ነው ካልሽኝ ያለ ማመንታት የጂል ሳንደርና የዩኒክሎ ስራ ነው እላለሁ፣ ፕላስ ጄ የሚባለው። በ2009 ተጀምሮ በ2011 አቆመ፣ በ2020 ደግሞ ተመለሰ። ሳንደር ጀርመናዊት ናት፣ ልብሷ ላይ ጌጥ የሚባል ነገር የለም፣ ያለው አቆራረጥ ብቻ ነው። ዩኒክሎ ደግሞ ጨርቅ የሚያውቅ መደብር ነው። የአንዱ ጉልበት ሌላው ጉልበት ላይ ተደረበ። ያን ጊዜ የተሰፉ ካፖርቶች ዛሬም ሲለበሱ አያለሁ፣ ማን እንደሰራቸው የሚጠይቅ የለም፣ ቆንጆ ካፖርት ናቸው በቃ።

ለዚህ ነው አሜሪካ ወይም አውሮፓ ዘመድ ያላቸው ሰዎች «ምን ላስልክ?» ሲሉኝ የወረፋ ኮላቡን ተዉት የምላቸው። ዩኒክሎ ጋ በየወቅቱ የሚወጡ የዲዛይነር መስመሮች አሉ። ክሪስቶፍ ለሜር ከ2016 ጀምሮ የሚመራው ዩኒክሎ ዩ አለ። በ2023 የተጀመረው የክሌር ዌይት ኬለር አለ፣ የሜጋን ማርክልን የሰርግ ቀሚስ የሰራችው ሴት ናት። እነዚህ ወረፋ የላቸውም፣ ቢያልቁም በሚቀጥለው ወቅት ሌላ ይመጣል፣ የወቅቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቅናሽ ይደረግባቸዋል። ዲዛይነሩ እውነተኛ ነው፣ ግርግሩ የለም። ገልፍ ላሉት ኤች ኤንድ ኤም እዚያው በቅርባቸው አለ፤ አዲስ ኮላብ ሲወጣ በመጀመሪያው ቀን በሱቅ ዋጋ መግዛት ይችላሉ፣ የሁለተኛ ሻጭ ትርፍ ሳይጨመርበት።

አንቺ ግን የምትፈልጊው ለሰርግ ነው፣ ጊዜም የለሽ ይሆናል። ስለዚህ ነገ ሂጂና ጃኬቱን እዪው። ሳይዝ አንድ ብቻ ከሆነ፣ መመሪያው ካለ፣ ቁልፉ ካልተላጠ፣ ደረቱ ላይ አረፋ ከሌለ፣ ትከሻው ልክሽ ከሆነ፣ ከ20 ሺህ ጀምረሽ ተከራከሪ። «ኦሪጅናል ባልማን» ስትልሽ «ኦሪጅናል ኤች ኤንድ ኤም» በያት፤ ምን እንደያዘች የምታውቅ ነጋዴ ከሆነች ትስቅና ትቀንሳለች።